የእትዬ ጓዳ ቁምሳጥን

በዚህ ምድር ላይ ያሉት ሁለት ዓይነት መምህራን ብቻ ናቸው፤ ጠመኔ ያላቸውና ጠመኔ የሚለምኑ። ሌላው ክፍፍል ሁሉ፣ ሳይንስ አስተማሪ፣ ቋንቋ አስተማሪ፣ ቁጡ፣ ታጋሽ የሚባለው የወሬ ማድመቂያ ነው። እኔ ሳልደብቅ ልናገር፣ ከለማኞቹ ወገን ነኝ። ጂኦግራፊ ማስተማር ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ በገዛ እስክሪብቶዬ ስም የጠራሁባቸው ቀናት ግን ቢቆጠሩ የሁለት እጅ ጣት አይሞሉም።

ታዲያ በየትኛውም የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ እኔን መሰል ለማኞችን በአንድ እጁ የሚያኖር፣ በሌላ እጁ የሚያስጨንቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ሁሉ ነገር ያለው ሰው። እናንተም ታውቁታላችሁ። መርፌ ስትጠይቁት ክሩን አስገብቶ ያቀብላችኋል፤ መርፌው እስኪመለስ ግን እሱም አይተኛ፣ እናንተንም አያስተኛ።

የእኛዋ ክብርት እትዬ ጓዳ ይባላሉ። ይህን ስም ማን እንዳወጣላቸው አይታወቅም፤ ያወጣውም ሰው እንዳይታወቅ አጥብቆ ይጸልያል። የኬሚስትሪ መምህርት ናቸው። አጭር፣ ቀጭን፣ ሲራመዱ ኮቴያቸው የማይሰማ ሴት ናቸው፤ ጫማቸው ቢሰማ ኖሮ ስንቶቻችን ባመለጥን! አንገታቸው ላይ በጥቁር ክር የታሰረ ቁልፍ አለ። ቁልፉ የማረፊያ ክፍሉ ጥግ ላይ የቆመው ግራጫ የብረት ቁምሳጥን ቁልፍ ነው። በውስጡ ነጭ ጠመኔ፣ ባለቀለም ጠመኔ፣ ዳስተር፣ ማርከር፣ ስቴፕለር፣ ፕላስተር፣ ኮላ፣ የሰሌዳ ማስመሪያ፣ ትልቁ የእንጨት ኮምፓስ፣ የኤሌክትሪክ ማራዘሚያ፣ ፋሻ፣ መርፌና ክር፣ ሌላም ሌላም እንዳለ ይነገራል። ይነገራል ያልኩት አንዳችንም በዓይናችን ስላላየን ነው። እሳቸው ሲከፍቱ በጀርባቸው ጋርደው ነው፤ ቁምሳጥኑ ሲያጣጥር ይሰማል፣ ዕቃው ይወጣል፣ በሩ ይዘጋል።

መጀመሪያ ቀን የደረሰብኝን አልረሳውም። አዲስ ተመድቤ መጥቼ ጠመኔ ቸገረኝና፣ "እሳቸው ጋ አለ" ስባል በትሕትና ጠጋ አልኩ።

"ስንት ፔሬድ አለህ?" አሉኝ።

"ሦስት።"

"ፊደልህ ትልቅ ነው ትንሽ?"

"እ… መካከለኛ መሰለኝ።"

"ካርታ ትሥላለህ?"

"ጂኦግራፊ አይደል፣ እሥላለሁ።"

ከራስ ጠጉሬ እስከ ጫማዬ አዩኝና አንድ ሙሉና አንድ ግማሽ ጠመኔ መዳፌ ላይ አኖሩ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። አልሳቁም። "ሰጥቼሃለሁ አላልኩም፤ አውሼሃለሁ ነው ያልኩት" አሉኝ። ሦስተኛው ፔሬድ አልቆ ደወሉ ከመደወሉ በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው፤ እጃቸውን ዘርግተዋል። ቁራጩን ሊቀበሉ ነው የመጡት። ጥፍር የምታህል ቁራጭ! ተማሪዎቼ እያዩኝ አስረከብኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ተማሪዎቼ በሙሉ ዓይናቸው አይተውኝ አያውቁም።

ይህ ግን ገና ዳር ዳሩ ነው። የስፖርት መምህሩ ፊሽካቸውን ለአንድ ጨዋታ ተውሶ በማግስቱ ሳይመልስ ቀረ። በሦስተኛው ቀን የአሥረኛና የአሥራ አንደኛ ክፍል የእግር ኳስ ግጥሚያ በተጋጋለበት ሰዓት እትዬ ጓዳ ሜዳው መሐል ገቡ። ኳስ በራሳቸው ላይ ያልፋል፣ እሳቸው ግን ቀና ብለው እንኳ አላዩም። ዳኛ የሆነው የስፖርት መምህሩ አጠገብ ደረሱና ፊሽካውን ከአፉ ላይ ነቅለው፣ በሶፍት ጠርገው፣ ኪሳቸው ከተው ሄዱ። ሰውዬው ከንፈሩን እንዳሞጠሞጠ ቀረ። ጨዋታው ሃያ ደቂቃ ሙሉ ያለ ፊሽካ ሄደና ስንት ለስንት እንዳለቀ እስከ ዛሬ ያጨቃጭቃል።

የምክትል ርዕሰ መምህሩ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ከበላይ አካል እንግዶች መጥተው በፕሮጀክተር ገለጻ ሊደረግላቸው ሲሉ የሶኬቱ ገመድ አጠረ። ምክትሉ ላብ በላብ ሆኖ እየሮጠ መጣ።

"እትዬ፣ በሞቴ ማራዘሚያውን!"

"መያዣ።"

"ምን መያዣ? እንግዶች ቁጭ ብለዋል እኮ!"

"ባለፈው የወሰድከው ማስመሪያ የት ደረሰ? መያዣ ካላመጣህ ንቅንቅ አልልም።"

ሰውዬው ኪሱን ዳበሰ። ስልኩ ቢሮ ነው፤ ሰዓት አያስርም። እትዬ ጓዳ ወደ ታች አዩ። እኔ እዚያው ተቀምጬ ቡና እየጠጣሁ ነበር፤ ትን አለኝ። የአንድ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ጎንበስ ብሎ ግራ ጫማውን ፈቶ ሰጠ! ገለጻውን ጠረጴዛ ከልሎት በሰላም አደረገ፤ መጨረሻ ላይ ግን እንግዶቹ "ቤተ መጻሕፍቱን ቢያስጎበኙን" አሉ። አስጎበኛቸው። አንድ ጫማ አድርጎ አስጎበኛቸው። ከእንግዶቹ አንደኛዋ ሲወጡ በሹክሹክታ "እግራቸውን ያማቸዋል እንዴ?" ስትል ሰምቻለሁ።

እንዲህ ያሉ ሴት ናቸው። እንግዲህ እኔ ያን ሁሉ በዓይኔ እያየሁ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ከኃጢአት ሁሉ ከባዱን ሠራሁ። የተዋስኩትን አዋስኩ።

ነገሩ የሆነው ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል የሞዴል ፈተና በፊት ባለው ዓርብ ነው። ቀዩን ስቴፕለራቸውን ለአሥር ደቂቃ ብዬ ወሰድኩ፤ የእንግሊዝኛ መምህሩ "አንዴ ብቻ" ብሎ ከእኔ ወሰደ፤ ከዚያ ማን እንደወሰደው አይታወቅም። ከሰዓት በኋላ በኮሪደሩ ጫፍ እትዬ ጓዳን አየኋቸው። አዩኝ። እኔም እንዳላየ ሆኜ ዞሬ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወጣሁ። ትልቅ ሰው ነኝ፤ የልጆች አባት ነኝ፤ ግን ሮጥኩ።

"አንተ! ዕቃ እግር የለውም፤ ሰው ነው እግር ያለው!" የሚል ድምፃቸው ከኋላዬ መጣ። ቀጥሎ የመጣው ግን የሰው ድምፅ አልነበረም፤ ነገር ሲወድቅ የሚሰማ ዓይነት ነበር። ዞር ስል እትዬ ጓዳ ደረጃው ሥር ተቀምጠዋል። ቀኝ እግራቸው መዞር በማይገባው በኩል ዞሯል። ፊታቸው ጠመኔ መስሏል። እንባ የለ፣ ጩኸት የለ። እየሮጥኩ ወረድኩ። ጎንበስ ብዬ ልይዛቸው ስል ሸሚዜን ጨምድደው ይዘው፣

"ስቴፕለሩ ማን ጋ ነው?" አሉኝ።

ሐኪም ቤት ተወሰዱ። ቁርጭምጭሚታቸው ተሰብሮ ኖሮ በጀሶ ታስሮ ማታውን ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ቁልፉም አንገታቸው ላይ እንዳለ አብሮ ሄደ።

በማግስቱ ቅዳሜ ሁላችንም ለፈተናው ዝግጅት ተጠራን። ማባዣ ማሽኑ ያወጣው የጥያቄ ወረቀት እንደ ገለባ ተቆልሏል፤ ሦስት መቶ አሥር ተማሪ፣ ለእያንዳንዱ ሰባት ገጽ፣ አንዱም አልተሰፋም። የመልስ ወረቀቱ በማሽን የሚታረም ስለሆነ በእርሳስ ብቻ ነው የሚሞላው። የትምህርት ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ሲከፈት ሽቦ የሌለው አንድ ስቴፕለር፣ እርጥበት ያበሰበሰው አንድ ካርቶን ጠመኔና ሁለት ማስመሪያ ወጡ። እርሳስ የተባለው ካርቶን ውስጥ ቀይ እስክሪብቶ ሞልቷል። ቀይ! ምክትሉ ክዳኑን መልሶ ዘጋው፤ እንደገና ከፈተው። አሁንም ቀይ ነው።

የሁላችንም ዓይን ወደ ግራጫው ቁምሳጥን ሄደ።

"በሩ ይሰበር" አለ የስፖርት መምህሩ።

"ስበረዋ" አሉት።

ተነሣ። ሁለት እርምጃ ሄደ። ተመልሶ ተቀመጠ። ማንም አልሳቀበትም፤ እኛም አንደፍርም። ሰው እግሩ ተሰብሮ ተኝቶ እንኳ እንዲህ ይፈራል? ብቻ መጨረሻ ላይ፣ "የጣላቸው ሰው ሄዶ ቁልፉን ያምጣ" ተባለና ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

ቤታቸውን የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። ሃያ ሁለት ዓመት አብረዋቸው የሠሩ አሉ፤ ደጃቸውን የረገጠ ግን የለም። ጠይቄ ጠያይቄ አገኘሁት፤ በጠባብ መንገድ ውስጥ፣ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ያለው ቤት። ከእሳቸው ጋር የሚኖሩት ታላቅ እህታቸው ከፈቱልኝ። ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ናቸው፤ በቁመት እትዬ ጓዳን ሁለት ጊዜ ያህላሉ።

"አንተ ነህ ባለ ስቴፕለሩ?"

"እኔ ነኝ" አልኩ፤ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።

"ግባ፤ ተራህን ጠብቅ።"

ምን ተራ እንደሆነ ገብቼ ነው የገባኝ። እትዬ ጓዳ አልጋ ላይ ተኝተዋል፤ እግራቸው በጀሶ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ተሰቅሏል። በዙሪያቸው የሰፈር ሰው ተቀምጧል። በእኛ ቋንቋ በሽተኛ የሚያይም ጠያቂ ነው፣ ዕቃ የሚፈልግም ጠያቂ ነው፤ እዚያ ቤት የነበሩት ሁለቱንም ነበሩ።

"እግዜር ይማርዎት እትዬ፣ እንዴት አደሩ? የልጄ ማስመሪያስ?" ትላለች አንዲቷ እናት።

"ምሕረቱን ያውርድልዎ። ፕላስተሬን ከወሰዱ ግን እነሆ ሦስት ወር" ይላል ጫማ አዳሹ።

ከሁሉም ድምጿ የጎላው ልብስ ሰፊዋ ናት። ከአልጋው ራስጌ ቆማ ወገቧን ይዛለች። "እኔ እግሩም ይዳን እላለሁ፣ መቀሴም ይምጣ እላለሁ! የጨርቅ መቀስ ነው! አንድ ቀሚስ ልቁረጥበት ብለው ወስደው በዚያው ቀሩ። እኔ ታዲያ የሰው ልብስ በምን ልስፋ፣ በጥርሴ ልቁረጥ?"

እኔ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ሰው ተሳስቼ ይሆን ብዬ አልጋውን ደግሜ አየሁ። ምክትል ርዕሰ መምህር ጫማ ያስወለቁት፣ ከአፍ ላይ ፊሽካ የነቀሉት ክብርት እትዬ ጓዳ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫቸው ስበው ተኝተዋል። ተኝተው ግን አልነበረም። ሽፋሽፍታቸው ይርገበገባል። የተኙ መስለው ነው!

እህታቸው ወደ ጓዳ ጠሩኝ። "ምን ትደነግጣለህ?" አሉኝ። "እዚህ ቤት መቀስ ከጠፋ አምስት ዓመቱ ነው። ይኸውልህ ሪሞቱ፤ ባትሪ የለውም፤ ባትሪው ላብራቶሪ ገብቷል። የፀጉር መያዣዬ ሁሉ ሄዶ ወረቀት ይዟል። ስልክ ቁጥር ልጻፍ ብል…" ግድግዳውን አሳዩኝ። ከበሩ እስከ መስኮቱ ስልክ ቁጥሮች ተጽፈዋል። የተጻፉት በቅንድብ እርሳስ ነው። "እስክሪብቶ አንድ ቀን እዚህ ቤት አያድርም። ደመወዟን ለዕቃው ትጨርሳለች፤ ያ አልበቃ ሲል ሰፈሩን መበደር ጀመረች። ሰዉ ይወዳታል፣ አይከለክላትም፤ አትመልስም እንጂ!"

"እኛ ጋ እኮ…" ብዬ የደረሰብንን ነገርኳቸው፤ ጠመኔውን፣ ፊሽካውን፣ ጫማውን። ጫማው ጋ ስደርስ ያቺ ግዙፍ አዋላጅ ግድግዳ ተደግፈው በሳቅ ተንፈቀፈቁ። "የኛዋ? መያዣ ታስይዛለች? የኛዋ!" እያሉ እንባቸውን ጠረጉ።

ጠያቂዎቹ ወጥተው ሲያልቁ እትዬ ጓዳ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። "ሄዱ?" አሉ።

"ሄዱ እትዬ።" ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። "በድያለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስቴፕለሩን…"

"እንግሊዝኛው ጋ ነበር፣ ከእሱ ወደ ሒሳቡ ሄዷል። ሐኪም ቤት ሆኜ ደውዬ አጣራሁ።" ጀሷቸውን አዩ። "የሮጥከው አንተ ነህ፤ ያሳደድኩት እኔ ነኝ። እኩል ነን። ምን ፈልገህ መጣህ?"

ስለ ፈተናው ነገርኳቸው። ስለ ቀዩ እስክሪብቶ ሲሰሙ ከትራሳቸው ቀና አሉ። እርሳስ የለም ስላቸው ግን አንገታቸውን ይዘው ቁልፉን ጨበጡ። እኔም የማይጠየቅ ጥያቄ ጠየቅሁ።

"እትዬ፣ ግን ለምንድነው እንዲህ የሚሆኑት?"

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። አልተቆጡም። ትምህርት የሚያስረዱ ይመስል ረጋ ብለው ጀመሩ።

"ማስተማር በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ነው። የመጨረሻውን ፈተና እየፈተንኩ ነበር። እኔ ክፍል ውስጥ አንዲት ልጅ እጇን አጣምራ ተቀምጣለች። ግማሽ ሰዓት አለፈ፤ አንድ ፊደል አልጻፈችም። ምን አልኩ መሰለህ? ያላጠናች ሰነፍ አልኩ በልቤ። አለፍኳት። ጆሮዬ ላይ እርሳስ ሰክቼ አጠገቧ አለፍኩ። አንድ ሰዓት ሲሞላ በመስኮቱ በኩል እጅ ገባ። ከጎን ክፍል ፈተናዋን ጨርሳ የወጣች ልጅ ናት፤ እስክሪብቶ ታቀብላታለች። ዘልዬ እጇን ያዝኳት። ኩረጃ ነው አልኩ። ጮህኩ። ዋናው ፈታኝ መጣ፤ የሁለቱም ወረቀት ተሰረዘ። እኔ ደግሞ ማስረጃ ላገኝ ብዬ እስክሪብቶውን ፈታሁት። ፈልፍዬ ፈታሁት። ጥቅልል ወረቀት ይኖራል ብዬ።"

"ምን አገኙ?"

"ቀለም።"

እህታቸው በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ እንደሰሙት ፊታቸው ይናገራል።

"እህትማማቾች ናቸው" አሉ እትዬ ጓዳ። "ለሁለት አንድ እስክሪብቶ ነው ያላቸው። ታላቅየዋ ቶሎ ቶሎ ሠርታ ልታቀብላት ነው የተስማሙት። 'ለምን አልነገራችሁኝም?' አልኳቸው። 'አፈርን' አሉኝ። ዋናውን ፈታኝ ሄጄ ለመንኩ፤ ፊርማ አርፎበታል አለኝ። ዓመቱ አለፋቸው። ታላቅየዋ በዓመቱ ተመልሳ ተፈተነች። ታናሽየዋ አልተመለሰችም።"

እኔ የፊሽካውን፣ የጫማውን ስቆጥር ኖሬያለሁ፤ አንድ ነገር ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አላየሁም። እኚህ ሴትዮ ተማሪ አሳድደው አያውቁም። ከተማሪ ቁራጭ ጠመኔ፣ ጉማጅ እርሳስ ተቀብለው አያውቁም። ያሳደዱት ሁልጊዜ እኛን ነው፤ ደመወዝተኞቹን፣ ዘንጊዎቹን።

ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ሰጡኝ። ሙቀታቸው ገና አልለቀቀውም። "ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ ከጀርባ ነው" አሉኝ። "ስትከፍት ሰው እንዳያይ።"

ሰው እንዳያይ ማድረግ የምችል ሰው መሰልኳቸው። ቁምሳጥኑን ስከፍት የትምህርት ቤቱ መምህር በሙሉ ትከሻዬ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። በሩ ተገለጠ። አራት ስቴፕለር። የስቴፕለር ሽቦ የሞሉ ሣጥኖች። ከሁለተኛው መደርደሪያ ጀርባ ደግሞ እርሳስ፤ አዲስ፣ ሳይቀረጽ፣ በላስቲክ ታስሮ፣ ሃያ ሃያ እየሆነ። ስንቆጥረው አራት መቶ ደረሰ። እያንዳንዱ እሥር ላይ ላጲስና መቅረጫ ተያይዞበታል። ምክትሉ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። "አራት መቶ" አለ። የስፖርት መምህሩ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ከታችኛው መደርደሪያ የልብስ ሰፊዋን መቀስ አገኘሁ። የጨርቅ መቀስ ወረቀት እንኳ ሊቆርጥ አይገባውም፤ ይሄኛው የመዳብ ሽቦ ሲቆርጥ የኖረ ነው። ስለቱ እንደ መጋዝ ጥርስ አውጥቷል። አንዱ እጀታው በፕላስተር ተጠቅልሏል። ፕላስተሩም የጫማ አዳሹ ሳይሆን አይቀርም።

ቅዳሜና እሑድ ስንሰፋ ዋልን። ሰኞ ሦስት መቶ አሥር ልጆች ገቡ፤ ሦስት መቶ አሥር እርሳስ ታደለ። እኔ የፈተንኩበት ክፍል ውስጥ እንደ ሌላው ጊዜ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ጋዜጣ አላነበብኩም። እየተዘዋወርኩ እጅ እጃቸውን ሳይ ዋልኩ።

ፈተናው እንዳለቀ በቀጥታ እሳቸው ጋ ሄድኩ። በሩ ክፍት ነው። እትዬ ጓዳ ገና ሳልቀመጥ ክንዴን ያዙኝ።

"እጁን አጣምሮ የተቀመጠ ልጅ ነበር?"

"አንድም የለም።"

"በደንብ አይተሃል?"

"እያንዳንዱን። የሁሉም እጅ ይጽፋል።"

እጄን ለቀቁኝና ወደ ግድግዳው ዞሩ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ትምህርት ቤት ሲያስፈራሩ የኖሩ ሴት እንደ ሕፃን ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተው ያለቅሳሉ። ውሃ ላምጣ? እህታቸውን ልጥራ? ተነሥቼ ሳልጨርስ በሩ በኃይል ተበረገደ።

ልብስ ሰፊዋ ናት። "ዛሬ ተኝቻለሁ የሚለውን አልቀበልም! ሙሽራ አለብኝ፣ የሙሽራ ቀሚስ! እትዬ፣ ፊት ለፊት ይንገሩኝ፣ መቀሴን ምን አደረጉት?"

ብርድ ልብሱ ድርቅ አለ። እኔ መቀሱን በጋዜጣ ጠቅልዬ በብብቴ ይዤ ነበር፤ ሰወር አድርጌ ለእሳቸው ልሰጥ። አውጥቼ ለልብስ ሰፊዋ ዘረጋሁላት። ጋዜጣውን ገለጠች። ስለቱን አየች። እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ልጇ ሞቶ የተነገራት ነው የምትመስለው።

"ማነው?" አለች ቀስ ብላ። "ማነው ይህን ያደረገው?"

"እኔ ነኝ" አልኩ።

ከአፌ ሲወጣ ራሴም ሰማሁት። "እትዬ በጨርቅ ጠቅልለው አስቀምጠውት ነበር። እኔ ሳላስፈቅድ ወስጄ ሽቦ ቆረጥኩበት። የጂኦግራፊ ሞዴል ልሠራ ብዬ። እሳቸው አያውቁም።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። ያቺ ሴት የማታውቀው ስድብ የለም። መጀመሪያ እኔን ሰደበች፤ ቀጥላ ያስተማረኝን፣ ቀጥላ የእኔን ትምህርት ለሚማሩት አዘነችላቸው። "መምህር ነኝ ይላል እንዴ ይሄ! ለዚህ ነው ልጆቻችን የማይማሩት! የጨርቅ መቀስ ከሽቦ መቁረጫ የማይለይ እጅ ምን ያስተምራል? አንተን የወለደች እናት ጨርቅ አልብሳህ አታውቅም?" ጎረቤት ተሰበሰበ። ጫማ አዳሹም "ፕላስተሩም የእኔ ነው" ብሎ ተቀላቀለ። ታላቅ እህታቸው በሩ ላይ ቆመው እውነቱን እያወቁ ዝም አሉ፤ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነዋል፤ ሆዳቸው ግን በሳቅ ይዘላል።

እኔ አንገቴን ደፍቼ "አጥፍቻለሁ፣ አዲስ እገዛለሁ" እላለሁ። በዚህ መሐል ወደ አልጋው አየሁ። ከብርድ ልብሱ ጠርዝ ሥር አንድ ዓይን ወጥታ ታየኛለች። ቀይ ናት፣ እርጥብ ናት። ለመጀመሪያ ጊዜ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ምንም ሳትጠይቀኝ አየችኝ፤ ከዚያ ጠቀስ አደረገችኝ። እትዬ ጓዳ ጠቀሱኝ!

ልብስ ሰፊዋ ገና መጀመሯ ነበር። ዘመዶቼን ጨርሳ ወደ ቅድመ አያቶቼ ስትሻገር ወንበሬን አመቻችቼ ተቀመጥኩ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ተሰድቤ አላውቅም፤ እንደዚያን ቀንም ደስ ብሎኝ አያውቅም።